የዶክተር ኑርሀያት ሙሐዲን ሞት፣ የአልማዝ ሴንሰሮቻቸውና እስከ ዛሬ ያልተሻረው የስንብት ደብዳቤ

ከሐይቅና አምባሰል የሳይንስ መምህራን ማኅበር

ለማኅበሩ አባላት፣ ለትምህርት ቤቶች ሠራተኞች፣ ለሐይቅ፣ ለውጫሌና ለአካባቢው ሕዝብ በሙሉ

የማኅበራችን አባል የሆኑት የፊዚክስ ሊቅ ዶክተር ኑርሀያት ሙሐዲን ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ደሴ ከተማ ሲታከሙ ቆይተው ማክሰኞ ጥር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ከሱብሒ ሶላት በኋላ በ52 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ሥርዓተ ቀብራቸውም በዚያው ዕለት ከአስር ሶላት በኋላ ቤተሰቦቻቸው፣ ተማሪዎቻቸው፣ ከሐይቁ ገዳም የመጡ አባቶች፣ ከውጫሌና ከደሴ የመጡ ወዳጆቻቸው በተገኙበት በሐይቅ የሙስሊም መካነ መቃብር ተፈጽሟል። ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን። ማኅበሩ የደረሰበት ሐዘን መሪር ነው።

ይህ መግለጫ ስምንት ቀን ዘግይቶ የወጣበትን ምክንያት ማኅበሩ አይደብቅም። በመጀመሪያው ቀን ያዘጋጀነው ጽሑፍ አንድ ገጽ የማይሞላ፣ ጨዋና እንደ ወጉ የሆነ ነበር። እሱን ለማሰራጨት ስንዘጋጅ ረቡዕ ጥር 6 ቀን ደሴ የሚገኘው የላኮመልዛ የጨረርና የቁሳቁስ ምርምር ተቋም (ከዚህ በኋላ “ተቋሙ” እየተባለ የሚጠራው) የራሱን የሀዘን መግለጫ በፌስቡክ ገጹ ለጠፈ። በዚያ መግለጫ ሟች “እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ የተቋማችን ባልደረባ” ተብለዋል። የአልማዝ ሴንሰሮቻቸው “የተቋማችን ያላሰለሰ ድጋፍ ፍሬ” ተብለዋል። ከሁለት መስመር በታች ደግሞ ሥራቸውን “በቤተሰብ ጉዳይ በገዛ ፈቃዳቸው” እንደለቀቁ ተጽፏል።

ከሦስቱ አንዱም እውነት አይደለም። እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ ባልደረባ የነበረ ሰው በገዛ ፈቃዱ እንዴት ሊለቅ እንደሚችል እንኳ ጸሐፊው አላሰበበትም። ጨዋውን ጽሑፋችንን ቀደን ይህን የጻፍነው ስለዚህ ነው።

ዶክተር ኑርሀያት በ1966 ዓ.ም. ከአባታቸው ከአቶ ሙሐዲን እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አሪፋ ሐይቅ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በሐይቁ ላይ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ አጥምደው በደሴ ወልድያ መንገድ ዳር ለመንገደኛ የሚሸጡ ሰው ነበሩ። ሴት ልጃቸውም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እስኪጨርሱ ድረስ ጠዋት ዓሣ አስረክበው ወደ ክፍል የሚገቡ ተማሪ ነበሩ።

ከ1989 እስከ 1994 ዓ.ም. ውጫሌ ፊዚክስ አስተምረዋል። በዚያ ዘመን ያስተማሯቸው ብዙዎቹ ዛሬ የማኅበራችን አባላት ናቸው።

በ1994 ዓ.ም. የነጻ ትምህርት ዕድል አግኝተው ወደ አውሮፓ ሄዱ፤ በ2000 ዓ.ም. የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። ከዚያም ዘጠኝ ዓመት በአንድ የኤክስሬይ ሌዘር ማእከል ውስጥ የጨረር መለኪያ ክፍል ባለሙያ ሆነው ሠሩ።

ሥራቸው ምን እንደነበር ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ማስረዳት ተገቢ ነው፤ ያለዚያ የተፈጸመባቸው በደል አይገባም። በሐኪም ቤት ራጅ የምንለው ጨረር አለ። የኤክስሬይ ሌዘር የሚባለው ግዙፍ መሣሪያ ያንኑ ጨረር እጅግ ብርቱና እጅግ አጭር በሆኑ ብልጭታዎች ይለቀዋል፤ በአንድ ሰከንድ ውስጥ በሺዎች። ተመራማሪዎች በዚህ ብልጭታ የመድኃኒትንና የበሽታ አምጪ ተሕዋስያንን ረቂቅ ቅርጽ ያያሉ። ነገር ግን ብልጭታዎቹ እኩል አይደሉም። አንዱ ይበረታል፤ አንዱ ይደክማል፤ አንዱ ወደ ጎን ፈንጠር ይላል። ስለዚህ እያንዳንዱን ብልጭታ ሳያስቆም የሚለካ ነገር መንገዱ ላይ መቆም አለበት። ብዙው ነገር በዚያ ቦታ ቢቆም ይቀልጣል ወይም ይሰነጠቃል። ከፀጉር የሳሳ የአልማዝ ገበታ ግን ሙቀቱን ቶሎ ስለሚያስወጣ ይችለዋል፤ ጨረሩም አብዛኛው ሳይነካ ያልፈዋል።

ዶክተር ኑርሀያት ይህን ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲያስረዱ እንዲህ ይሉ ነበር፦ “አራት ሆናችሁ የአንድ መረብ አራት ጫፍ ያዙ። ዓይናችሁን ጨፍኑ። አንድ ሰው ዓሣ ይጣልበት። ዓሣው ወዴት እንደወደቀ ሳታዩት ታውቁታላችሁ፤ የቀረበው ሰው እጁ ይከብደዋላ! የአራታችሁን ብትደምሩት ደግሞ የዓሣው ክብደት ይወጣል። አልማዙም አራት ጫፍ አለው፤ ሌላ ተንኮል የለውም።”

በ2009 ዓ.ም. ያንን ሥራቸውን ትተው ወደ አገራቸው ተመለሱና በተቋሙ ውስጥ የአልማዝ ሴንሰር ክፍል አቋቋሙ። የአልማዙ ገበታ ተቆርጦ ከውጭ ይመጣል፤ የብረት ጠርዙን መለበጥ፣ ልኬቱን ወደ ቁጥር የሚለውጠውን የንባብ ሰሌዳ መሥራትና መፈተሽ የክፍሉ ድርሻ ነበር። ይህን ሥራ በአገራችን ከእሳቸው በፊት የጀመረ መኖሩን ማኅበሩ አያውቅም።

በየካቲት 2011 ዓ.ም. ሦስት ሴንሰሮች ይዘው ለፈተና ቀድሞ ወደ ሠሩበት የአውሮፓው ማእከል ሄዱ። አብረዋቸው የተጓዙት የተቋሙ ቴክኒሺያን አቶ ሰዑድ ነበሩ። ፈተናው አሥራ ሁለት ሰዓት ፈጀ፤ ጨረሩን ከደካማው ወደ ብርቱው ከፍ እያደረጉ አሥራ አራት ጊዜ ለኩ፤ እያንዳንዱ ልኬት የሠንጠረዡ አንድ መስመር ሆነ። በስምንቱ ልኬቶች ሴንሰሮቹ ትክክለኛውን ቁጥር ተናገሩ። ጨረሩ እጅግ በበረታባቸው በመጨረሻዎቹ ስድስት ልኬቶች ግን ወደ ኋላ ቀሩ። በአልማዙ ውስጥ የሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ቻርጅ ከመብዛቱ የተነሣ ይጨናነቃል፤ ከፊሉ ወደ ጠርዙ ሳይደርስ እዚያው ይጠፋል፤ ቀሪው ጠርቶ ሳይወጣም ቀጣዩ ብልጭታ ይደርሳል። በዚህ ጊዜ ሴንሰሩ ብርቱውን ጨረር ደካማ ነው ብሎ ይናገራል። ተመራማሪው ያንን ቁጥር አምኖ ስሌቱን ቢሠራ የሚያገኘው ቅርጽ የተሳሳተ ነው። ስህተቱንም የሚነግረው የለም።

ዶክተር ኑርሀያት ይህ እንደ ውርደት የሚታይ ነገር እንዳልሆነ ያውቁ ነበር። ፈተና የሚደረገው ለዚህ ነው። ተመልሰው የመጡት መፍትሔውን በልባቸው ይዘው ነበር።

ሚያዝያ 17 ቀን 2011 ዓ.ም. በተቋሙ በተደረገው ስብሰባ የሆነውን ከቃለ ጉባኤው ቃል በቃል እንጠቅሳለን። በሀዘን መግለጫ የሰው ንግግር መጥቀስ እንዳልተለመደ እናውቃለን። ሙታንን የሌሉበት ቦታ ማስቀመጥም የተለመደ አልነበረም።

የተቋሙ ዋና ዳይሬክተር ዶክተር ቢያድግልኝ አብተው፦ “መለኪያ ሁሉ የሆነ ቦታ ላይ ይደክማል። ስምንቱ መስመሮች ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ለሪፖርቱ ይበቃሉ።”

ዶክተር ኑርሀያት፦ “ዶክተር፣ ለደካማው ጨረርማ ሌላ መለኪያ ሞልቷል። የማእከሉ ሰዎች እኛን የፈለጉን ለብርቱው ነው።”

ዶክተር ቢያድግልኝ፦ “ሪፖርቱ ለክፍሉ ምረቃ በዓል መድረስ አለበት። እንግዶች ተጠርተዋል።”

ዶክተር ኑርሀያት፦ “ይድረስ። አሥራ አራቱንም መስመር ይዞ ይድረስ።”

ዶክተር ቢያድግልኝ፦ “የተቋሙን ገጽታ ያስቡ እንጂ!”

ዶክተር ኑርሀያት፦ “ገጽታውን እርስዎ ያስቡት። እኔ የለካሁትን ነው የማውቀው። አልፈርምም።”

ሪፖርቱ ያለ እሳቸው ፊርማ፣ በስምንት መስመር ሠንጠረዥ፣ “ሦስቱም ሴንሰሮች በሁሉም ደረጃ ፈተናውን አልፈዋል” ከሚል ቃል ጋር ለማእከሉ ተላከ። በእሳቸው ፈንታ የፈረሙት አቶ ሰዑድ ናቸው። የምረቃው በዓልም ሪባን ተቆርጦ፣ ፎቶ ተነሥቶ አለፈ። ዶክተር ኑርሀያት በማግስቱ አሥራ አራቱንም መስመር በአንድ ገጽ ጽፈው ለማእከሉ ላኩ፤ “ሴንሰሮቻችን ገና አልደረሱም፤ እንዳትተክሏቸው” አሉ። ማእከሉ ተከላውን አቆመ፤ አመሰገናቸውም።

ሰኔ 2011 ዓ.ም. ተቋሙ “የተቋሙን የግንኙነት መስመር በመጣስና የተቋሙን መልካም ስም በማጉደፍ” በሚል በዲሲፕሊን ከሥራ አሰናበታቸው። በገዛ ፈቃዳቸው ለቀቁ የተባሉት በዚህ ደብዳቤ ነው። ቁጥሩ፣ ቀኑና ማኅተሙ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ስላለ ማየት የሚፈልግ ሁሉ መጥቶ ማየት ይችላል።

እዚህ ላይ ማኅበሩ ስለ ራሱ መናገር አለበት። በሐምሌ 2011 ዓ.ም. ዶክተር ኑርሀያት በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ተገኝተው የስንብቱ ደብዳቤ እንዲመረመር በሚጠይቅ ማመልከቻ ላይ አብረናቸው እንድንፈርም ጠየቁን። በአዳራሹ ሃያ ሦስት ሰዎች ነበርን። አምስት ሰዎች ፈረሙ። አሥራ ስምንታችን ጠረጴዛውን እናይ ነበር። የጊዜው ሊቀመንበር ጉዳዩ ከማኅበሩ ሥልጣን ውጭ ነው ብለው አስመዘገቡ፤ ማንም አልተቃወመም። ከእኛ መካከል በተቋሙ ሥልጠና የሚጠባበቁ ነበሩ። ወንድሙን ሊያስቀጥር ያሰበ ነበር። አብዛኞቻችን ግን ዝም ያልነው ዝም ማለት ስለለመድን ነው። ሟች ወረቀቱን አጥፈው ወደ ቦርሳቸው መለሱና “እሺ። መስከረም ላይ የትምህርት ቤቱን ላቦራቶሪ ቁልፍ ከማን ነው የምቀበለው?” ብለው ጠየቁ። ከዚያ በኋላ አንድም ስብሰባ አልቀሩም። ይህ ጸጸት የማኅበሩ ነው፤ ተቋሙ ላይ የምንለጥፈው አይደለም።

ከመስከረም 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ሐይቅ ላይ ፊዚክስ አስተማሩ። ከሰዓት በኋላ ያንኑ ሴንሰር ያስተካክሉ ነበር። የውጫሌው የኤሌክትሮኒክስ መምህር አቶ ጌዴዎን በየቅዳሜው በሚኒባስ እየመጡ የንባብ ሰሌዳውን አብረዋቸው ይሠሩ ነበር። የመስመር መብራት በሽቦው ላይ የሚያመጣው መንቀጥቀጥ ልኬቱን ስላበላሸባቸው መብራቱን ትተው በባጃጅ ባትሪ ይሠሩ ጀመር። ባትሪውን ያዋሳቸው የባጃጅ ሾፌር ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ አይገባም ነበር። እስከ ዛሬ ድረስ ስሙ እንዲጻፍ አልፈለገም።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሐይቅ በደረሰ ጊዜ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ዶክተር ኑርሀያት የልኬት ደብተሮቻቸውን በፌስታል ጠቅልለው አምባሰል ገጠር ወዳሉ ዘመዶቻቸው በእግራቸው ወሰዱ። ያላሰለሰ ድጋፍ አድርጌያለሁ የሚለው ተቋም በእነዚያ ወራት ደብተሩ ቀርቶ እሳቸው በሕይወት መኖራቸውን አልጠየቀም።

በኅዳር 2016 ዓ.ም. ማእከሉ በራሱ ግብዣ ጠርቷቸው አራት አዳዲስ ሴንሰሮች ፈተኑ። የአልማዙን ገበታ ውፍረት በግማሽ ቀንሰው፣ ቻርጁን የሚስበውን ቮልቴጅ ከፍ አድርገው፣ ጠርዙንም ጨረሩ ከሚነካው ቦታ አርቀው ነበር የሠሩት። በአሥራ አራቱም ደረጃ ቁጥሩ ትክክል ሆነ። አንዱ ብልጭታ ከመድረሱ በፊት የቀደመው ተነቦ ያልቅ ነበር። ያን ቀን ለአቶ ጌዴዎን ስልክ ደውለው የተናገሩት ይህን ብቻ ነው፦ “ጌዲ፣ ቀና! አሥራ አራቱም!” አቶ ጌዴዎን ክፍል ውስጥ ስለነበሩ ስልኩን ይዘው ከተማሪ ፊት አለቀሱ።

በ2017 ዓ.ም. ሴንሰሮቹ በማእከሉ የጨረር መስመር ላይ ተተከሉ። ዛሬም እየሠሩ ነው። ተቋሙም በዚያው ዓመት በድረ ገጹ “ሴንሰሮቻችን ተተከሉ” ብሎ ጻፈ። የሟች ስም አልነበረበትም። ስማቸው ትዝ ያለው ሲሞቱ ነው።

የስንብቱ ደብዳቤ እንዲሻር ሦስት ጊዜ አመልክተዋል፤ በ2012፣ በ2015 እና በ2017 ዓ.ም.። ይህን ያደረጉት ለክብራቸው ብቻ አልነበረም። ደብዳቤው ከፋይላቸው እስካልወጣ ድረስ የማስተርስ ተማሪ ማማከር አይፈቀድላቸውም ነበር፤ በእሳቸው ሥር የአልማዝ ሴንሰር መማር የሚፈልጉ ሁለት ወጣት ሴት መምህራን ደግሞ ይጠባበቋቸው ነበር። ለሦስተኛ ጊዜ ሲያመለክቱ በሳምንት ሁለት ቀን ደሴ የኩላሊት እጥበት ያደርጉ ነበር። ከሕክምናው ሲወጡ ወደ ተቋሙ ይሄዳሉ፤ በዳይሬክተሩ ቢሮ በር ላይ ይቀመጣሉ፤ “ስብሰባ ላይ ናቸው” ይባላሉ፤ ሚኒባስ ይዘው ወደ ሐይቅ ይመለሳሉ። ይህ ከጥቅምት እስከ ጥር ቀጠለ። ሁለቱ መምህራን በመጨረሻ ሌላ ትምህርት መረጡ።

ዓርብ ጥር 8 ቀን ከጁምዓ በኋላ በዶክተር ቢያድግልኝ የሚመራ ስድስት ሰዎች ያሉት የተቋሙ ልዑክ ሐይቅ ወደሚገኘው የለቅሶ ድንኳን መጣ። የአበባ ጉንጉን፣ የተቋሙ ስም የተጻፈበት ባነርና የቪዲዮ ካሜራ ይዘው ነበር። ወሎ ውስጥ ተወልዶ ያደገ ሰው የአበባ ጉንጉን ወደማይለመድበት የሙስሊም ለቅሶ ጉንጉን ይዞ ሲመጣ ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ እንተወዋለን። የሟች ታናሽ እህት ወይዘሮ ኡሙሰልማ ሙሐዲን ከተቀመጡበት ተነሥተው በሩ ላይ ተቀበሏቸው።

“እንኳን ደኅና መጣችሁ። አበባውን ይውሰዱት። ወረቀቱን ይዘው መጥተዋል?”

ዶክተር ቢያድግልኝ “የቱን ወረቀት?” አሉ።

“ያባረራችሁበትን። ሽረነዋል የሚል ወረቀት።”

“ወይዘሮ ኡሙሰልማ፣ ይህ ቦታው አይደለም። እኛ ልናጽናናችሁ ነው የመጣነው።”

“ቦታውማ ቢሮዎ ነበር፤ ያውም አራት ወር በር ላይ አስቀምጠዋታል። ካሜራውን ያጥፉትና ይግቡ። ለቅሶ የመጣን ሰው አንመልስም።”

ካሜራው ጠፋ። ልዑኩ ገብቶ ተቀመጠ። ዱዓ ተደረገ። ዶክተር ቢያድግልኝ ለመናገር ተነሥተው “ተቋማችን አንድ ምሰሶውን አጣ” ብለው ገና ሳይጨርሱ ከልዑኩ መካከል አቶ ሰዑድ ብድግ አሉ። ማኅበሩ በቦታው የተገኙ አሥራ አንድ አባላቱን ጠይቆ ቃላቸውን መዝግቧል፤ እንዲህ ነበር፦

“በአላህ ይሁንባችሁ፣ አንድ ጊዜ ስሙኝ። ስድስቱን መስመር የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ‘ቁረጠውና ፈርም’ አሉኝ፤ ቆረጥኩ፤ ፈረምኩ። ልጆቼን አሰብኩ፤ ፈራሁ። ዶክተር ኑርሀያት ያውቁ ነበር። አንድ ቀን ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ኢድ በመጣ ቁጥር ይደውሉልኛል። ‘ሰዑድ፣ ልጆቹ እንዴት ናቸው?’ ይሉኛል። በዚህ ነው የቀጡኝ። ሙሉው ሠንጠረዥ በእጄ ጽሑፍ እኔ ዘንድ አለ። ይኸው።”

ከኮታቸው ውስጥ አንድ ደብተር አወጡ። ወይዘሮ ኡሙሰልማ ደብተሩን አልተቀበሉትም።

“ሰዑድ፣ ይኼን ለሷ ነበር መንገር። አሁን እኔ ምን ላድርገው? እኔ ጨው ነጋዴ ነኝ፤ ሠንጠረዥ አላነብ። ውሸቱን ለነገርካቸው ሰዎች ሄደህ እውነቱን ንገራቸው። እኔ ግን አውፍ ብዬሃለሁ፣ ይቅር ብያለሁ፤ ተቀመጥና ምሳ ብላ።”

አቶ ሰዑድ ተቀመጡ። ዶክተር ቢያድግልኝ ምሳ ሳይበሉ ልዑካቸውን ይዘው ሄዱ። የአበባው ጉንጉን በመኪናው ጣሪያ ላይ ታስሮ በሐይቅ ዋና መንገድ ወደ ደሴ ሲመለስ ያየው ብዙ ሰው ነው።

አቶ ሰዑድ በማግስቱ የደብተሩን ሙሉ ቅጂ ከእጅ ጽሑፍ ቃላቸው ጋር ለማእከሉ ልከዋል፤ አንድ ቅጂም ለማኅበሩ ሰጥተዋል። ማእከሉ የ2011ዱን ሪፖርት ከመዝገቡ እንደሚሰርዝና የአራቱ ሴንሰሮች ንድፍ በዶክተር ኑርሀያት ሙሐዲን እና በአቶ ጌዴዎን ስም እንዲመዘገብ እንደሚያደርግ በጽሑፍ አሳውቋል። ይህ መልስ የደረሰን ሟች ካረፉ በሰባተኛው ቀን ነው። በሕይወት ሳሉ ስድስት ዓመት ተኩል ጠብቀውታል።

በጥምቀት ማግስት፣ ማክሰኞ ጥር 12 ቀን፣ ተቋሙ ለአቶ ሰዑድ የሥራ እገዳ ደብዳቤ ሰጣቸው። ምክንያቱ “የተቋሙን የግንኙነት መስመር በመጣስና የተቋሙን መልካም ስም በማጉደፍ” ይላል። ለሟች የተጻፈውን ዓረፍተ ነገር አንድ ቃል ሳይለውጡ ገልብጠውታል። አዲስ ሰው ለመበደል አዲስ ቃል መፈለግ እንኳ አላስቸገራቸውም።

በዚህ መሠረት ማኅበሩ በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ አስቸኳይ ስብሰባ ጠርቶ ተቋሙ የሟችን የስንብት ደብዳቤ በይፋ እንዲሽር፣ ጥር 6 ቀን ያወጣውን መግለጫ እንዲያነሣ፣ በአቶ ሰዑድ ላይ የጣለውንም እገዳ እንዲያነሣ በጽሑፍ ጠይቋል። ከአርባ አራት አባላት አርባ አንዱ ፈርመናል። ያልፈረሙትን ሦስቱን አንወቅስም፤ እኛም ትናንት እንደነሱ ነበርን። ተቋሙ በወሩ መጨረሻ አዘጋጃለሁ ባለው የመታሰቢያ ፕሮግራም ላይ ግን ማንኛውም አባል በማኅበሩ ስም እንዳይገኝ ተወስኗል። ማስተዛዘን የሚፈልግ አባል ወደ ቤተሰቡ ቤት ይሂድ፤ ሐይቅ ነው፤ ቅርብ ነው።

ማኅበሩ ለወላጅ እናታቸው ለወይዘሮ አሪፋ፣ ለእህታቸው ለወይዘሮ ኡሙሰልማ፣ ለቤተሰቡ በሙሉ፣ ለአቶ ጌዴዎን፣ ሐይቅና ውጫሌ ላስተማሯቸው ተማሪዎች፣ በማእከሉ አብረዋቸው ለሠሩ ባልደረቦቻቸው አላህ ሶብሩን እንዲሰጣቸው፣ መጽናናቱን እንዲያበዛላቸው ይመኛል። ለሟችም አላህ ጀነተል ፊርደውስን ይወፍቃቸው። ለተቋሙ የሚላክ የማጽናኛ ቃል የለንም። የሞተበት ሰው የለውምና።

የእገዳው ደብዳቤ እንደተሰማ አንዳንድ አባላት ነገሩ እስኪበርድ ብንጠብቅ ይሻላል ብለው መክረውን ነበር። አንጠብቅም። አቶ ሰዑድ በሕይወት አሉ፤ ዛሬም ከሥራ ታግደው የዋሉት እቤታቸው ነው። ስለ እሳቸው የምንጽፈውን እሳቸው ሊያነቡት በሚችሉበት ቀን ጽፈነዋል።

የማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ
ሐይቅ፣ ጥር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.